የእኅቴ ጓዝና የአማቷ ሚዛን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ዲስኩር)



በዚህ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በምናከብረው የምሥረታ በዓል ላይ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ አንዱ ስለ ሕክምና፣ አንዷ ስለ ኮምፒውተር፣ ሌላው ስለ ዓባይ ግድብ በሚገባ አስረድተዋችኋል። እኔ ግን ርእስ ምረጪ በተባልሁ ጊዜ ወደ አሳቤ የመጣው ከነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም በ2017 ዓ.ም. ከመስቀል ማግሥት በአይሱዙ መኪና ተጭኖ የሄደው የእኅቴ ጓዝ ነው። አስተማሪዬ «ጓዝ ደግሞ እንዴት ርእስ ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። በልቤ ጓዝ ርእስ የማይሆነው ጭኖ ለማያውቅ ሰው ነው አልሁ፤ በአፌ ግን «እሞክራለሁ» ብዬ ወጣሁ።

የምናገረው አንዲት ሴት ባል አግብታ ወደ ባሏ ቤተ ሰብ ንግድ ስትገባ፣ ለዚያም ብላ አገር ለቅቃ ስትሄድ፣ ከመሄዷ በፊት ምን ማሰናዳት እንደሚገባት ነው። ዕድሜዬ አሥራ ስምንት ስለ ሆነ ሕጉ ለማግባት ይፈቅድልኛል፤ ነገር ግን ከኋላ የተቀመጠችው እናቴ አትደንግጥብኝ፤ የምናገረው ስለ ራሴ አይደለም።

እኅቴ በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ እያልሁ ነው የምጠራት። አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴ እንጀራ እየጋገረች አስተማረቻት፤ እርስዋም የሒሳብ አያያዝ ትምህርቷን ፈጽማ በአንድ የግል ድርጅት ሥራ እንደ ያዘች የቤታችንን ሸክም ከእናቴ ትከሻ ወደ ራሷ አዛወረች። የቤቱን ኪራይ ግማሹን፣ የእኔን የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ ሙሉውን የምትከፍለው እርስዋ ነበረች። ካገባችም በኋላ አላቋረጠችም። ይህን ነገር እባካችሁ አትርሱት፤ ኋላ ያስፈልገናል።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ያገባችው ሰው የጌዴኦ ተወላጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት በቡና ቀማሽነት ይሠራ ነበር። ቡና ቀማሽ ማለት ለውጭ አገር ገበያ የሚላከውን ቡና በማንኪያ ፉት እያለ ጣዕሙንና ጉድለቱን የሚለይ ባለሙያ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «ይኼማ እኛም በየቀኑ የምንሠራው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ለእኛ የሚከፍለን የለም» ብላ አስቃን ነበር። ወላጆቹ በይርጋ ጨፌ አጠገብ ከገበሬው እሸት ቡና ገዝተው የሚያጥቡበት ጣቢያ አላቸው። ሲጋቡ የተስማሙት ሁለቱም በያዙት ሥራ ጸንተው አዲስ አበባ እንዲኖሩ ነበር። ነገር ግን በግንቦት ወር የባሏ አባት ወገባቸውን ታመሙና እንደ ድሮው ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ማሠራት አቃታቸው። የቀሩት ልጆች ገና ተማሪዎች ናቸው። እንግዲህ የበኵር ልጅ ለሆነ ሰው እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰው ምን ሊመልስ ይችላል? እኅቴም «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ ይህን ከማለቷ በፊት ሁለት ሌሊት ሙሉ እንዳልተኛች ኋላ ነግራኛለች።

በሰኔ ወር አማቷ ለሕክምና አዲስ አበባ መጡና እናቴን ሊጠይቁ ወደ ቤታችን ጎራ አሉ። እጅግ የታረሙ፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ ሽማግሌ ናቸው። አያቴም ነበረች። ቡና የማፈላው እኔ ነበርሁ፤ የይርጋ ጨፌ ሰው ፊት ቡና ማፍላት እንዴት እንደሚያስጨንቅ ያልሞከረ አያውቀውም። አቦሉ እንደ ተጠጣ እኅቴ ነጠላዋን አስተካክላ እንዲህ ስትል ጠየቀች፤

«አባባ፤ ወደ እናንተ ከመምጣታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር። እዚያ ስደርስ ሥራዬ ምንድን ነው?»

እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ልጄ ነሽኮ! ልጅ በአባቷ ቤት ሥራሽ ምንድን ነው ተብላ ትጠየቃለች?» አሉ።

መልሱ ልብ የሚያርስ ነው። እናቴ እንባዋ ግጥም ብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሁላችንም ደስ ብሎን በተለያየን ነበር። እኅቴ ግን አንገቷን እንደ ደፋች፣

«ልጅነቴንስ ከአንደበትዎ ሰምቻለሁ፤ አልጠራጠረውም። እኔ የምጠይቀው ስለ ሒሳብ ሠራተኛነቴ ነው። ደመወዝ ያለው ሥራ ለቅቄ ነው የምመጣው» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ በዐይኗ ቆነጠጠቻት። እኔ በእጄ የያዝሁትን ሲኒ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ያጠብሁት ይመስለኛል። እኅቴ ስግብግብ የሆነችብኝ፣ የተቃናውን ትዳሯን በገዛ እጅዋ ያፈረሰችው መሰለኝ። የትምህርት ቤቴ ክፍያ በዚያች በአንዲት ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበር ግን ያን ጊዜ አልገባኝም። እርስዋም አልተናገረችውም። ብትናገረው ሽማግሌው «እኔ እከፍልላታለሁ» ይሉ እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ እርስዋ ደግሞ የሠራችበትን እንጂ የተለመነበትን ገንዘብ ለእኔ ለመላክ አልፈለገችም።

ዝምታውን የሰበረችው አያቴ ናት። «ቀድሞም እንደ ዘመድ ተበላሉ፣ እንደ ባዳ ተሳሰቡ ይባል የለም? ልጅቷ ምን አጠፋች?» አለች። ሽማግሌው ቶናውን ጠጥተው እስኪጨርሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከዚያም «የጠየቅሽኝን እኔ ራሴ አላውቀውም። ይህን ሥራ ስሠራ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገ ልመልስልሽ» አሉና ተነሡ።

በማግሥቱ ሲመጡ ከደረት ኪሳቸው አንድ ትንሽ ደብተር አውጥተው ለእኅቴ ሰጧት። በአንዱ ገጽ ላይ የተገዛው እሸት ቡና፣ የመኪና ኪራይ፣ ለአንድ ልጃቸው የተከፈለ የትምህርት ክፍያ፣ ለዘመድ ለቅሶ የተዋጣ ገንዘብ፣ ከባንክ የተወሰደ ብድር፣ ለሠርጉ የተገዛው በሬ ሁሉም ተከታትሎ ተጽፏል። እኅቴ ደብተሩን እያገላበጠች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በኋላ ለእኔ ስታስረዳኝ «አባባ ሌባ አይደሉም፤ ምንም አልደበቁም። ነገር ግን ከዚህ ደብተር ቡናው አትርፎ ይሁን ከስሮ እርሳቸውም ሊያውቁት አይችሉም» አለችኝ።

የቤተ ሰብ ንግድ በብዙ ቦታ መልኩ ይህ ነው። የሱቁ መሳቢያና የቤቱ ኪስ አንድ ናቸው። ልጁ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ጫማ ሲያልቅበት አባቱን ይጠይቃል፤ አባትየውም ሳይሰስት ይሰጠዋል። ደግነቱን አልክድም። አንድ ሰው ቢታመም ሁሉም ይረባረባል፤ ከሥራ የሚባረር የለም። ነገር ግን ከውጭ የመጣችው ምራት በዚያ ውስጥ ስትገባ ሌት ተቀን ሠርታ የራሷ የምትለው አንድ ብር አይኖራትም፤ ብትጠይቅ ገንዘብ ወዳድ ትባላለች፤ ባትጠይቅ የልፋቷ ምልክት የትም አይጻፍም።

ከዚህ በኋላ የሥነ ዜጋ አስተማሪያችንን ጠይቄ ሕጉን ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አነበብሁት፤ ያነበብሁትንም ባጭሩ ላካፍላችሁ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተ ሰቡ አለቃ ነበረ፤ የጋራ መኖሪያውንም የሚመርጠው እርሱ ነበረ። ሴት ልጅም በአሥራ አምስት ዓመቷ ልታገባ ትችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ይህን ለወጠው፤ ዕድሜው ለሁለቱም አሥራ ስምንት ሆነ፤ የት እንደሚኖሩም ባልና ሚስት ተስማምተው እንዲወስኑ አደረገ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትዛወር ሴት የምትሄድበትን ክልል ሕግ ብትጠይቅ አይከፋም።

እኔን በጣም ያስገረመኝ ግን ስለ ንብረት የሚናገረው ክፍል ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረው ንብረት የየግል ሆኖ ይቀራል፤ በጋብቻ ዘመን ባልና ሚስት በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ ደግሞ የጋራ ይሆናል። መልካም ነው። ነገር ግን የቡናው ጣቢያ የባሏ አይደለም፤ የአባቱ ነው። ባል ያለ ደመወዝ ለአባቱ ቢሠራ፣ ሚስትም ያለ ደመወዝ ለአማቷ ብትሠራ፣ ሁለቱ የሚካፈሉት የጋራ ገቢ ከየት ይመጣል? ሕግ የሌለውን ነገር ሊያካፍል አይችልም። ደግሞም ከጋራ ንብረት ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት እንዲያስፈልግ ሕጉ ያዝዛል። ዛሬ በ500 ብር አንድ ዶሮ እንኳ አይገዛም፤ ቁጥሩ አርጅቷል፤ ቢሆንም ቡና ለመግዛት በየዓመቱ ከባንክ ለሚበደር ቤተ ሰብ ይህ ቁም ነገር ነው። ፈርሚ በተባለች ጊዜ የምትፈርመው ምን እንደ ሆነ አንብባ መፈረም አለባት።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በጧት ጸሎት ጊዜ የሩት ታሪክ ሲነበብ ሁላችንም የምናደንቀው አማቷን ተከትላ አገሯን ትታ መሄዷን ነው። ሁለተኛውን ምዕራፍ ግን በዝግታ አንብቡት። ቤተ ልሔም እንደ ደረሰች ሥራ ልሂድ ብላ ጠየቀች፤ ቀኑን ሙሉ ቃረመች፤ ማታ የቃረመችውን ወቅታ ብትሰፍረው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነ። አማቷም አይታ የት እንደ ሠራች ጠየቀቻት። መስፈሪያው ባይኖር ኖሮ ፍቅራቸው ይጨምር ነበር ብዬ አላምንም።

እንግዲህ ወደ እኛ ሽማግሌ ልመለስ። ሁለት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ባል፣ ሚስትና አባት ተቀምጠው አንዲት ወረቀት ጻፉ። እኅቴ የጣቢያው ሒሳብ ሠራተኛ ሆና በወር ደመወዝ እንድትቀጠር፣ ባሏም እንዲሁ በደመወዝ እንዲሠራ፣ የቤቱ ወጪና የቡናው ወጪ በሁለት መዝገብ እንዲያዝ፣ ከአንድ መከር በኋላ እንደገና ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ተስማሙ። ጡረታውም ነገር ተነሣ፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ «ለገዛ ልጄ አሠሪ ልባል ነው?» ብለው አዘኑ። ከዚያ ግን አሰብ አድርገው «የአምስት ዓመት ጡረታዋ በእኔ ምክንያት ከሚቋረጥስ» አሉና ፈረሙ። እዚህ ላይ ለእርሳቸው ያለኝ አክብሮት ከፍ አለ። ፈርመው ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆም ብለው ጫማቸውን ሲያስሩ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሕመሙ ይሁን በኀዘን አላወቅሁም።

የመዛወሩ ዝግጅት ሁለት ወር ፈጀ። ስለ ጓዝ እናገራለሁ ብዬ ስለ ሕግ ብዙ አወራሁ፤ ይቅርታ። እኅቴ በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዕቃ መጫን አልነበረም፤ በነሐሴ ወር ባዶ እጅዋን ሄዳ አሥራ አምስት ቀን እዚያው ኖረች። ወቅቱ ዝናብ ነው፤ ጭቃው ነው፤ መብራቱ ይሄዳል፤ ኔትወርኩም እንዲሁ። «በመስከረም አበባ ሲያብብ ብሄድ ኖሮ እታለል ነበር» ትላለች። ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ጤና ጣቢያ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የምታድርበት ቤት በአማቶቿ ግቢ ውስጥ ቢሆንም የራሱ በርና የራሱ ወጥ ቤት እንዳለው አይታ መጣች። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰባት ቋንቋ ነው። የጌዴኦን ቋንቋ ከባሏ አፍ ሁለት መቶ ያህል ቃል በደብተር ጽፋ መማር ጀመረች፤ ከሁሉ አስቀድማ የተማረችው ቁጥርን ነው።

ከዚያም የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ለመሥሪያ ቤቷ ጻፈች፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን አስጽፋ ያዘች። ይህን ማስረጃ ብዙ ሰው በኋላ እወስደዋለሁ ብሎ ይተወዋል፤ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር ተመልሶ ማስጻፍ ግን ቀላል አይደለም። ዕቁቧን አስቀድማ ስለ በላች የቀረውን ዕጣ ከፍላ ጨረሰች። ከቀበሌ መሸኛ አወጣች። ማቀዝቀዣውን ሸጠች፤ አልጋውንና የሒሳብ መጻሕፍቷን ጫነች። እናቴ በበኩሏ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ ስታሰናዳ ከረመችና በመጨረሻ ሳጥኑ ሲከፈት ሁለት ኪሎ ቡና ተገኘበት። «እማዬ፣ ወደ ይርጋ ጨፌ ቡና ትልኪያለሽ?» ብንላት «እስኪለምዱ ድረስ ነው» አለች። ቡናውም አብሮ ሄደ።

ስለ እናቴ ጥቂት ልበል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ በቴሌቪዥን አይታ ነበርና ልጄን ወዴት ነው የምልካት እያለች ትፈራ ነበር። አማቷ «ያ ክፉ ዘመን እኛንም አስለቅሶናል» ብለው በሐቅ ነገሯት እንጂ ምንም አልነበረም ብለው አልሸነገሏትም። መኪናው ሲነሣ እናቴ አላለቀሰችም። ሁላችን ከገባን በኋላ ምጣዷን ለኩሳ እንጀራ ጋገረች፤ ያን ቀን የሚገዛ ሰው አልነበረም።

በዚያው ዓመት ለገና ዕረፍት እኔ ሄጄ አየኋት። አውቶቡሱ በሞጆ፣ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ አልፎ ዲላ ሲደርስ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። ከላይ ትላልቅ ዛፎች፣ ከሥር እንሰት፣ በመካከል ቡና፤ አንዱ ለሌላው ጥላ ሆኖ አብሮ ይበቅላል። ይህ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኔ ግን ያን ያህል ማየት የፈለግሁት እኅቴን ነበር።

ጣቢያውን የአገሩ ሰው «ሳይት» ይለዋል። ከቀትር በኋላ ገበሬው ቀይ እሸት ቡናውን በጆንያ፣ በቅርጫት ተሸክሞ ይመጣል። ጥሬው ከበሰለው ይለያል፤ ይመዘናል፤ ይከፈላል። ቡናው ሳይውል ሳያድር በዚያው ምሽት መፈልፈል ስላለበት ሞተሩ ሲጮኽ ያመሻል። የተፈለፈለው በገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ሁኔታ አንድ ቀን ተኩል፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ቀን ያህል ይብላላል፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በሽቦና በእንጨት በተሠራ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶች አልጋውን ከበው የተበላሸውን እየለቀሙ፣ ፀሐይ ሲበረታ እየሸፈኑ፣ ለአሥር ቀንና ከዚያም በላይ ያገላብጡታል። አንድ ኪሎ ለውጭ የሚላክ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሚዛኑ ላይ የሚደረግ ትንሽ ስሕተት በመጨረሻው ትልቅ ዕዳ ይሆናል።

እኅቴን ያገኘኋት ሚዛኑ አጠገብ ነው። ፊቷ ጠቁሯል፤ እግሯ በቦት ጫማ ነው። እያንዳንዱን ጆንያ ከመዘነች በኋላ ኪሎውን በጌዴኦ ቋንቋ ጮክ ብላ ትናገራለች፣ ትጽፋለች፣ ቁራጭ ወረቀቱን ለባለቤቱ ትሰጣለች። አንዲት አሮጊት ወረቀቱን ተቀብለው ካዩት በኋላ መልሰው ሰጧትና አንብቢልኝ አሏት፤ አነበበችላቸው፤ አጠራሯ ስላልተስተካከለ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዋም አብራ ሳቀች። ማታ ግን ብቻችንን ስንሆን «ሲስቁብኝ እስቃለሁ፤ እርስ በርሳቸው ሲቀልዱ ግን አይገባኝም፤ ያን ጊዜ ነው የሚከፋኝ» አለችኝ። ትራሷ እርጥብ ነበር።

ሌላም ነገር ነበረባት። ከባሏ ዘመዶች አንዱ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ለእሸት መግዣ ከተቀመጠው ገንዘብ እንደ ለመዱት «ለቤት ነው» ብለው የተወሰነ ብር ያነሣሉ። እኅቴ «ይውሰዱ፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለች። ሰውየው እጅግ ተቆጡ። «ከአዲስ አበባ የመጣች ምራት ቆጠረችን» ብለው በመንደሩ አወሩ፤ ሰላምታም ነሷት። ባሏ በሁለት እሳት መካከል ገባ፤ እኔ እዚያ በነበርሁበት ሳምንት እራት በዝምታ ነበር የሚበላው። እውነቱን ለመናገር፣ ባሏ ያን ጊዜ ሚስቱን በግልጽ ቢደግፍ ኖሮ ነገሩ ቶሎ በበረደ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን ዲስኩር ቢሰማ ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ።

አንድ ቀን ጧት ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ሚዛኑ ቤት መጡ። ያ ዘመዳቸውም በዚያ ነበሩ። «ልጄ፤ ለመድኃኒት 400 ብር ስጪኝ» አሉ። ሰጠቻቸው። ገንዘቡን ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ አልሄዱም፤ ቆመው ቀሩ። «መዝገቡ የታለ?» አሉ። አወጣችላቸው። በመነጽራቸው ጎንበስ ብለው ስማቸውን በቀስታ ጻፉ፤ ፈረሙ፤ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ። ዘመዳቸው በዚያ ቀን ምንም አልፈረሙም። ከሳምንት በኋላ ግን ልጃቸውን ልከው ብር ሲያስወስዱ ልጁ እንዲፈርም አዘዙት። እርሳቸው ራሳቸው እስከ ዛሬ አልፈረሙም፤ ሰላምታ ግን ጀምረዋል።

መከሩ አልቆ ሁለቱ መዝገቦች ሲዘጉ ጣቢያው ከባንክ ዕዳው ተርፎ ትንሽ እንዳገኘ፣ የቤቱ ወጪ ግን ከታሰበው በላይ እንደ ነበር ታወቀ። አማቷ ይህን ሲያዩ «ቡናው ነበር የሚያከስረኝ ብዬ ሳማው የኖርሁት» አሉ ይባላል። በስምምነቱ መሠረት እንደገና ተቀመጡ። ባልና ሚስቱ ከተጠራቀመው ደመወዛቸው ላይ አንሥተው የማድረቂያ አልጋዎችን ለማሳደስ ገንዘብ አገቡ፤ ድርሻቸውም በጽሑፍ ሰፈረላቸው። ይህን ያህል ነው። ሀብታም አልሆኑም።

ያልተፈታም ነገር አለ። እኔ በዚህ ዓመት የመጨረሻውን ፈተና እፈተናለሁ፤ ካለፍሁም የምመደብበት ዩኒቨርሲቲ የት እንደሚሆን አላውቅም። ያን ጊዜ እናቴ ብቻዋን ትቀራለች። እኅቴ ወደ እኔ ነዪ ብላ ደጋግማ ለምናታለች። እናቴ «ዕድሬስ? ጎረቤቴስ? የአባታችሁ መቃብርስ?» ትላለች። ማንኛቸውንም ስሕተት ናችሁ ልላቸው አልችልም። ስምምነቱ ሲጻፍ ስለ ደመወዝም፣ ስለ ጡረታም፣ ስለ መዝገብም አስበን ነበር፤ ስለ እናቴ ግን አንድ መስመር አልጻፍንም። ለሚቀጥለው ንግግራቸው ይህን እንዲያነሡት እኅቴን ጠይቄያታለሁ።

የመጨረሻው ዓመት የትምህርት ክፍያዬ በመስከረም ወር ከይርጋ ጨፌ በባንክ ተልኮ ተከፍሏል። ደረሰኙ በደብተሬ ውስጥ አለ። ባለፈው ሳምንት ይህን ዲስኩር ላነብላት ደውዬላት ነበር። ከኋላዋ የሞተር ድምፅና የብዙ ሰው ንግግር ይሰማል። «እትዬ፤ ስለ አንቺ የጻፍሁትን ላንብብልሽ?» አልኋት።

«ሚዛን ላይ ነኝ፤ ማታ ደውዪ» ብላ ዘጋችው።